የሐሙስ ዘመድ

«ከሐምሌ አንድ ጀምሮ አልጋ ላይ የዋለ ታማሚ ሁሉ በእግሩ እየመጣ መድኃኒቱን ይወስዳል» አለ ከላይ የመጣው ሰውዬ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። በጤና ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ ያህል ባለሙያ ተቀምጧል፤ አንድም ሰው አልሳቀም። ሲስተር ሰገነት ብቻ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ወደ ሎዛ ዘንበል ብላ «አልጋ የያዘ ሰው ነው በእግሩ የሚመጣው?» ብላ አንሾካሸከች። ሎዛ በክርኗ ጎሸም አድርጋ ዝም አሰኘቻት። ሰውዬው ቀጠለ። መምጣት ያልቻለ ወኪል ይልካል፤ ወኪሉ ከቤተሰብ ይሆናል፤ ስለ በሽታው ተነግሮት ይፈርማል፤ እስከ ሰኔ ሠላሳ ወኪል ያልቀረበለት ታማሚ መዝገቡ ይዘጋል። ከዚያ ሻይና ብስኩት ቀረበና ስብሰባው በጭብጨባ ተበተነ።

ይህ የሆነው በግንቦት ነው። ነገሩ የተንኮል ሳይሆን የገንዘብ ነበር። የቤት ለቤት ቡድኑን አራት ዓመት ያቆመው ከውጭ የሚመጣ እርዳታ ነው፤ ለጋሾቹ አሠራራቸውን ለወጡና ገንዘቡ ወደ አንድ የጋራ ቋት ይግባ አሉ። ከቋቱ ደግሞ ለክትባት፣ ለወላድ እናቶችና ደንብ ልብስ ለብሰው ቤት ለቤት ነዋሪ ለሚመዘግቡት አዳዲስ የጤና ሠራተኞች ተደለደለ። አልጋ ለያዘ ሰው የሚሆን መደብ አልተገኘም። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ኸይረዲን ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰገነትን ቢሮው ጠርቶ «አንቺ አንድ ሰው ጠይቀሽ እስክትመለሺ ስንት ሕፃን ይከተባል? እስቲ በአላህ ንገሪኝ» አላት። እውነቱን ነበር፤ እሷን ያበገናትም እሱ ነው። ቡድኑ አምስት ሰው ነበር። ሞተር ብስክሌቱ ተመለሰ፣ የሁለቱ ልጆች ኮንትራት አለቀ፣ ጤና ረዳቱ ሰብሐት ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ መድኃኒት ቤት ተቀጠረ፣ ሎዛ ካርድ ክፍል ገባች። የመንግሥት ቋሚ ተቀጣሪ የሆነችው ሰገነት ከአሥራ አንድ አልጋ የያዙ ታማሚዎች ጋር ብቻዋን ቀረች።

ሥራው ከጅምሩ አንድ ልማድ ነበረው። የቤት ለቤት ቡድን ገዋን አይለብስም። መርካቶ ውስጥ ገዋን ለባሽ አንድ ግቢ ገብቶ እስኪወጣ ወሬው ሦስት ግቢ ይቀድመዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከፌስታሉ ሥር፣ ሙዙ ከላይ ይሆናል፤ የሚገባውም ሰው ታማሚው ያወጣለትን ስም ይዞ ይገባል። ጎረቤት «ማናት?» ሲል ታማሚው አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል፤ ከዚያ ወዲያ ስምሽ እሱ ነው። ለሰገነት በአራት ዓመት አሥራ አንድ ስም ወጣላት። በአንዱ ቤት የጽዋ ማኅበርተኛ ናት፣ በሌላው የዕቁብ ጸሐፊ፣ በአንዱማ የሟች ወንድም ሚስት ሆና ተዝካር ላይ አልቅሳለች፤ ያለቀሰችውም ከልቧ ነው። ወደ ማታ ኮልፌ ወደተከራየችው አንዲት ክፍል ስትመለስ ግን ሰገነት ብቻ ናት፤ በዚያ ስም የሚጠራትም የለም። አዳማ ያለው ወንድሟ በዓል ሲሆን ይደውላል፤ «ደህና ነሽ?» ይላታል፣ «ደህና ነኝ» ትለዋለች፣ ከዚያ ካርዴ ሊያልቅ ነው ብሎ ይዘጋል።

ከግንቦት ወዲህ አሥሩን አስፈርማለች። አንዱን በሚስቱ፣ አንዱን በእህቱ፣ አንዷን በልመና፣ አንዱን በጠብ። አንድ ወኪል በፈረመ ቁጥር አንድ ስሟ ይቀራል። ዛሬ ሐሙስ ሰኔ ሠላሳ ነው፤ የቀሩት እትዬ ሐጀራ ብቻ ናቸው።

ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ካፊያ ነው። አብነት ጋ ከታክሲ ወርዳ አንድ ኪሎ ሙዝ አሥራ ሁለት ብር ገዛች፤ በመስከረም ስምንት ነበር። ለምን ጨመረ ብትለው ነጋዴው «ዶላር ጨምሯል፣ እህቴ» አላት፤ ሙዙ የመጣው ከአርባ ምንጭ ነው። ወደ ቁልቁለቱ ስትታጠፍ ሻርፗን ከትከሻዋ አንስታ ፀጉሯን ሸፈነች። እዚህ ሪሐና ናት፤ የሐጀራ የወንድም ልጅ፣ ከኮምቦልቻ። የመጀመሪያው ቀን ሰዓደት የምትባለው ጎረቤት በር ላይ ቆማ «ማናት ደግሞ ይቺ?» ስትል ሐጀራ ከአልጋቸው ላይ ሆነው «የወንድሜ ልጅ ናት፣ ሪሐና» አሉ፤ አለቀ። ለአረፋ የቀረበላትን ሥጋ እንዳትበላ ሃይማኖቷ አልፈቀደም፤ አልበላም እንዳትል ስሟ አልፈቀደም፤ ጨጓራዬን ያመኛል አለች። እነሆ አራት ዓመት ሙሉ ግቢው ጨጓራዋን ሲያክም ኖረ፤ አብሽ ያልዘፈዘፈላት፣ ተልባ ያልበጠበጠላት ሴት የለችም።

ግቢው የቀበሌ ቤቶች ነው፤ ስምንት በር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። ሰዓደት ቧንቧው ሥር ልብስ ታጥባለች።

«ሪሐና፣ መጣሽ? ጨጓራሽስ?»

«አልሃምዱሊላህ፣ ዛሬ ተሽሎኛል» አለች ሰገነት፤ ገብታም በሩን ዘጋች። በሩ ሲከፈት ሐጀራን አንቺ ትላቸዋለች፣ ሲዘጋ እርስዎ።

ክፍሏ ሦስት እርምጃ በአራት ናት። ግድግዳው ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ ጋዜጣው ከመቆየቱ ብዛት ፎቶዎቹ ቢጫ ሆነዋል። አንድ ቁምሳጥን፣ አንድ ፔርሙዝ፣ አንድ ሬዲዮ፣ ከበሩ ጎን አልጋ። ሐጀራ ግራ ጎናቸው ከዛለ አራት ዓመት አልፎታል። ድሮ ቅመም ይነግዱ ነበር፤ ዛሬም ብርድ ልብሳቸው ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ የሚያውቀው አላህና ሰገነት ብቻ ነው። ሁለት በር አልፎ ትኖር የነበረች ሴት ይኸው በሽታዋ የታወቀ ቀን ባልዲዋ ከቧንቧው ተለይቶ ሲቀመጥ በበር ቀዳዳ አይተዋል። ሰገነት እግራቸውን አጠበች፣ ጀርባቸውን ገልብጣ አየች፣ ቅባት ቀባች፣ የቀረውን ክኒን ቆጠረች። አራት ቀን የሚያደርስ ነው።

«እትዬ ሐጀራ፣ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው።»

«ባለፈውም ብለሽኛል።»

«እኔ ላምጣልዎ ብል ወኪል ሳይፈርም ከነገ ጀምሮ ከመጋዘን አይወጣልኝም። አንድ ሰው ብቻ ይበሉኝ። ጠሀ ልጅዎ ነው።»

«ጠሀን ተዪው።»

«ለምን?»

ሐጀራ ፊታቸውን ወደ ጋዜጣው አዞሩ። «አባትህ በሳንባ ነው የሞተው ብዬ ነው ያሳደግኩት» አሉ። «ዛሬ ተነስቼ ምን ልበለው? አባትህ ይኼን ትቶልኝ ሄደ ልበለው? ተዪኝ የኔ ልጅ፣ አራት ቀን ብዙ ነው።»

ሰገነት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ውጭ ሰዓደት ልብስ ስትጨምቅ ይሰማል። ጠሀ ዱባይ ተራ ጫማ ይሸጣል፤ በየወሩ ለሰዓደት ብር እየሰጠ ይልካል፤ እሱ ራሱ ግን ይችን በር ከረገጠ ሦስት ዓመቱ ነው። ለምን እንደሆነ ሐጀራ ተናግረው አያውቁም፤ ሰገነትም ሥራ ላይ ያለ ወንድ እናቱን እንደሚረሳ ስለምታውቅ አልጠየቀችም። አሁን ግን ሌላ መንገድ አልታያትም። ምስጢሩን አትነግረውም፤ እሱ የሐጀራ ነው። ልጁን ከእናቱ ፊት ካቆመችው ግን የቀረውን እናቲቱ ራሷ ትናገር ይሆናል። ሙዙን ሳታወጣ፣ በወኪል ፊርማ ብቻ የሚሰጠውን የሦስት ወር መድኃኒት ከሥሩ እንደያዘች፣ «እመለሳለሁ» ብላ ወጣች።

ዱባይ ተራ በዝናብ ቀን ሰው ከውጭ ሸሽቶ ስለሚገባበት መተላለፊያው መላወሻ የለውም። የጠሀ ሱቅ አንድ ሰው ሲገባ ሌላው መውጣት ያለበት ዓይነት ነው፤ ጫማው እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ጠሀ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው፤ ቅንድቡ የእናቱ ነው። ከአንዲት ሴት ጋር ሦስት መቶ ሃያ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ይባባላሉ። ሴትዮዋ ስትወጣ ወደ ሰገነት ዞሮ «ግቢ እህት፣ ስንት ቁጥር?» አላት።

«ለጫማ አይደለም። ከእናትህ ሰፈር ነው የመጣሁት። ደክማለች፤ ብትጠይቃት ብዬ ነው።»

መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ ሻርፗን አየ፤ ፌስታሉን አየ፤ ፊቱ ቀስ እያለ ጠቆረ።

«ዛሬ ሐሙስ ነው አይደል?» አላት። «አንቺ ነሽ ሪሐና?»

በዚህ ስም ስንት መቶ ጊዜ አቤት ብላለች። አሁን ግን የሻርፗን ጫፍ አስተካከለች።

«ሪሐና ያጎቴ ልጅ ናት። ጅዳ ናት። ባለፈው ዓርብ በስልክ አውርቻታለሁ» አለ ጠሀ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ነጋዴ ነውና ጎረቤት ሱቅ እንዳይሰማ ይጠነቀቃል። «ሰዓደት የዛሬ ሦስት ዓመት ነገረችኝ። ሪሐና የምትባል ሴት በየሐሙሱ ትመጣለች፣ በር ዘግተው ይቀመጣሉ አለችኝ። ሄድኩ። እማ፣ ማናት ይቺ ሴት አልኳት። ዓይን ዓይኔን እያየች ሪሐና ናት አለችኝ። ሪሐና ጅዳ ናት እኮ አልኳት። አንተ አታውቅም አለችኝ። እኔን! የገዛ ልጇን! ሰፈሩ ይነሳል ይባላል፣ ለነባር ነዋሪ ምትክ ቤት አለ ይባላል። ገባኝ። በቤተሰብ ቅጹ ላይ ስምሽን ልታስገባልሽ ነው። ቤቱን አልፈልገውም፣ ወላሂ አልፈልገውም። ግን ከልጇና ከማታውቃት ሴት...» አልጨረሰውም፤ አንድ ጫማ አንስቶ ያለቦታው አስቀመጠው።

ሰገነት እዚያው ጫማ መለኪያዋ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አራት ዓመት ሙሉ ለዚች ሴት ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ ስትል ኖራለች፤ እንደዚያ ማሰቧም አልፎ አልፎ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ደስ ይላት ነበር። ለካ ልጁን ከደጅ ሲመልሰው የኖረው የእሷ ፌስታል ነው። ነርስ ነኝ ብትለው ሁሉም ነገር እዚያው ይፈታል፤ ነርስ ነኝ ካለችው ግን ቀጥሎ የሚጠይቀው «እናቴ ምን ሆና?» ነው። አንገቷ ላይ ያለውን መታወቂያ በልብሷ ውስጥ ጨብጣ ዝም አለች። ጠሀ ዝምታዋን ጥፋቷን እንደማመን ቆጠረው።

«ተነሺ» አላት። «ዛሬ እሷው ፊት ይለይልናል።»

ሱቁን ዘግቶ ከፊት ሄደ፤ እሷ ከኋላ። ተሸካሚዎች ጆንያ ተሸክመው «ዞር በል! ዞር በል!» እያሉ መሃላቸው ይገባሉ፤ እሱ ግን እንዳታመልጠው እየቆመ ይጠብቃታል። ልታመልጥ አላሰበችም። ጭቃው ከጫማዋ ገባ፤ ፌስታሉን በደረቷ አቀፈችው።

ግቢው ሲደርሱ ሰዓደት ጠሀን አይታ እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ ፊቱን ስታይ ግን አፏን ያዘች። ሌሎቹም ሴቶች ከየበራቸው ወጡ። ጠሀ የእናቱን በር ገፍቶ ደፉ ላይ ቆመ። ከሦስት ዓመት በኋላ ልጃቸው መጣ፤ ሐጀራ በደህና እጃቸው አልጋውን ተደግፈው ሊነሱ ሞከሩ፤ ከጀርባው ሰገነትን ሲያዩ ግን እንደነበሩ ቀሩ።

«እማ፣ ሰው ሁሉ ይስማ። ይቺ ሴት ማናት?»

ቧንቧው ይፈሳል። ሐጀራ ሰገነትን አዩአት፤ ከዚያ ከልጃቸው ጀርባ የቆሙትን ሴቶች አንድ በአንድ አዩ። ሰገነት የሚያስቡትን ታውቃለች። ሪሐና ናት ቢሉ ልጃቸው ተመልሶ ይሄዳል። ነርስ ናት ቢሉ ባልዲያቸው ከቧንቧው ይለያል። ሦስተኛ መንገድ ነበረ፤ ሰገነትም ከእሳቸው ቀድማ አየችው፤ እንዲሄዱበትም በዓይኗ ለመነቻቸው።

«አላውቃትም» አሉ ሐጀራ። «የወንድምሽ ልጅ ነኝ ብላ መጣች። የታመመ ሰው ምን ያውቃል? አመንኳት።»

ከዚያ በኋላ ግቢው ተናወጠ። «እኔ መች አጣሁት! ጨጓራዬን ስትል!» አለች ሰዓደት፣ እሷው አብሽ ስታጠጣት እንዳልኖረች። አንዷ እጣቢ ይደፋባት አለች፣ አንዷ ፖሊስ ይጠራ አለች። ሰዓደት «ምን ይዛ ልትወጣ ነው?» ብላ ፌስታሉን ያዘች። ሰገነት እስካሁን የተባለችውን ሁሉ አንገቷን ደፍታ ተቀብላ ነበር፤ ፌስታሉን ግን በሁለት እጇ ጨምድዳ አልለቅም አለች፤ ይኼኔ ያላመነ ካለም አመነ። ሙዙ ጭቃው ላይ ተበተነ። ከሥሩ ያለው ጠርሙስ ሲንኳኳ ሐጀራ ከውስጥ «ተዉአት! ትሂድ ብያለሁ! በአላህ ተዉአት!» ብለው ጮኹ፤ ያን ያህል ድምፅ እንዳላቸው ማንም አያውቅም ነበር። ጠሀ የሰዓደትን እጅ አላቀቀ። ሻርፗ በአንዷ ሴት እጅ ቀረ። ሰገነት ፀጉሯ እንደተገለጠ፣ ባዶ የሚመስለውን ፌስታል እንዳቀፈች፣ ከግቢው ወጣች። መርካቶ ውስጥ «ሌባ» የተባለ ሰው መሮጥ እንደሌለበት ስለምታውቅ አልሮጠችም፤ እስከ አብነት ድረስ በቀስታ ተራመደች።

ጤና ጣቢያ ስትደርስ አሥር ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። ፊቷን ታጥባ ገዋኗን ለበሰች። ጠርሙሱ አልተሰበረም። ኸይረዲን ዝርዝሩን ይዞ መጣ፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነውና እሱም ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጥ ነው የዋለው። «አሥር ፈርሟል፤ ማሻ አላህ፣ ከሁሉም ጣቢያ አንደኛ ነን» አላት። «አሥራ አንደኛዋን ጠፋች በይና እንዝጋው።» ሰገነት እስክሪብቶውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «አልጋዋ ላይ ናት እኮ። የት ትጠፋለች?» አለችው። ኸይረዲን አቀርቅሮ የጫማውን ጭቃ አየ። «እስከ አሥራ አንድ ጠብቂ» ብሎ ወጣ። የምትጠብቀው ነገር እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የኮሪደሩ ወንበር ባዶ እየሆነ ሲሄድ አየች፤ የመጨረሻው ሕፃን ተከትቦ አልቅሶ ወጣ፤ ጽዳቷ መጥረግ ጀመረች። የከፋት ሌባ መባሉ አልነበረም። የከፋት አልተሳካልኝም ስትል የምትነግረው ሰው ማጣቷ ነው።

ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ሲሆን ጠሀ በሩ ላይ ቆመ። ዝናብ መትቶታል። ገዋኗን አየ፣ ደረቷ ላይ ያለውን መታወቂያ አየ፣ ከዚያ መሬቱን አየ።

«ቤት ለቤት የምትሄደውን ነርስ ጠይቅ ብላኝ ነው» አለ። «ሴቶቹን አስወጥታ በሩን አዘጋችኝ። ነገረችኝ። የአባቴንም ነገረችኝ።»

«ተቀመጥ» አለችው።

ተቀመጠ። ስለ ክኒኑ ነገረችው፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ሰዓቱ እንዳያልፍ፣ ቢያስመልሳት እንዲህ፣ ሽፍታ ቢወጣባት እንዲህ፤ ጀርባዋ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ይገለበጣል፤ ግራ እግሯ ቶሎ ይበርደዋል። እሱ በጫማ ካርቶን ክዳን ላይ ይጽፋል። ሁለቴ አስደገመችው፤ አልተሳሳተም። ቅጹን ሰጠችው፤ የወኪል ስም፣ ዝምድና፣ ፊርማ። ዝምድና በሚለው ላይ «ልጅ» ብሎ ሲጽፍ እጁ ትንሽ ቆመ። የሦስት ወሩን ጠርሙስ ተቀበላትና ኮቱ ውስጥ ደበቀው። ከነገ ጀምሮ እናቱ ጋ ሊያድር ነው። ሰገነት ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስም አላት። ደስታው ግን የእሷ አልነበረም።

«አንዳንዴ ሐሙስ ሐሙስ ብቅ ብዬ...» ስትል አቋረጣት፤ በክፋት አይደለም።

«ሰፈሩ ሌባ ናት ብሏል። አሁን ብትመጪ ማናት ይሉኛል። ምን እላቸዋለሁ?»

«ልክ ነህ» አለች። «አልመጣም።»

ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ የረሳው ነገር እንዳለው ሰው ቆሞ አንገቱን አከከ።

«ስወጣ ምሳ በልታ እንደሆነ ጠይቃት ብላኛለች።»

ሰገነት ወረቀቶቹን ሰበሰበች።

«በልታለች በላት» አለች። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም ነበር።